የገጠር የቤተሰብ ሐኪም የት ይሠልጥን? ሦስት የሥልጠና አማራጮች ሲነጻጸሩ

የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ (ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊስት የሚሆንበት ሥልጠና) ለመክፈት የሚያስብ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐኪሞችን ስፖንሰር የሚያደርግ የክልል ጤና ቢሮ እና «ሬዚደንት ተቀበሉ» የተባለ ሆስፒታል ሲገናኙ አብዛኛው ክርክር በካሪኩለሙ ላይ ያልቃል። ካሪኩለሞቹ ግን ብዙም አይራራቁም። ሁሉም ውስጥ የውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ድንገተኛ፣ የአእምሮ ጤናና የማኅበረሰብ ጤና አሉ። ልዩነቱ ያለው የሥልጠናው 36 ወራት የት ያልፋሉ በሚለው ላይ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓመት በትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ያሳለፈ ሐኪምና በወረዳ ሆስፒታል ያሳለፈ ሐኪም ዲግሪያቸው አንድ ቢሆንም እጃቸው አንድ አይሆንም።

በአገራችን የመጀመሪያው ፕሮግራም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2013) በ7 ሬዚደንቶች ተጀመረ። የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህራን አግዘውታል፣ የሥልጠናው ርዝመትም 3 ዓመት ነው። አስተማሪዎቹ ያሉት ዋና ከተማ ስለሆነ እዚያ መጀመሩ ተገቢ ነበር። ዛሬ በክልል ከተማ ፕሮግራም የሚያቅድ ክፍል ግን ያንኑ አሠራር ገልብጦ መውሰድ የለበትም፤ የሚመረጥ ነገር አለው።

መለኪያው

የመጀመሪያ ደረጃ (የወረዳ) ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በዙሪያው ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጤና ኬላዎች ይኖራሉ። እዚህ የሚመደብ የቤተሰብ ሐኪም ምን መቻል እንዳለበት ለማየት አንድ ሌሊት በቂ ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የ9 ወር ነፍሰ ጡር በእርግዝና የደም ግፊት ምክንያት እያንቀጠቀጣት በአምቡላንስ ትደርሳለች። ሐኪሙ ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫ 5 5 ግራም አድርጎ ይሰጣል። ቀጣዩን መጠን ከመድገሙ በፊት ሦስት ነገር ያያል፦ የጉልበት ሪፍሌክስ አለ ወይ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አያንስም ወይ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አያንስም ወይ። መድኃኒቱ ከበዛባት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቡ መሆን አለበት። የደም ግፊቷን ያወርዳል፣ ስለ ሰመመኑ ዓይነት ከአንስቴቲስቱ ጋር ይመክራል፣ ምጡ የማይገፋ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ያዋልዳታል። ሕፃኑ ካላለቀሰ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ማስተንፈስ የሚጀመረው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ነው። በዚያው ሰዓት በሕፃናት ክፍል በከባድ ወባ ራሱን የሳተ ልጅ የ12ኛ ሰዓቱን አርቴሱኔት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች ከሆነ መጠኑ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም እንጂ እንደ አዋቂው 2.4 አይደለም፤ ይህን አንስቴቲስቱም ሆነ ነርሷ ሐኪሙን ነው የሚጠይቁት።

ሲነጋ ደግሞ ተመላላሽ ክፍሉ በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በሚጥል በሽታ ታካሚዎች ይሞላል። የልብ በር (ቫልቭ) ተበላሽቶባት በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት ያለባት ልጅ ሁለት ወር ሳትመጣ ቀርታ ይሆናል። ሐኪሙ ከቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ደውሎ የሚነጋገር ካልሆነ ማንም አይጠራትም።

ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ በሦስት ጥያቄ እንመዝናለን። ሠልጣኙ ይህን ሥራ በገዛ እጁ ስንት ጊዜ ይሠራል? ሲሠራ ማን አጠገቡ ይቆማል? አንድን ታካሚስ ለስንት ጊዜ ይከታተላል?

አማራጭ 1፦ ሪፈራል ሆስፒታል፣ በመሃሉ አጭር የገጠር ቆይታ

ለማደራጀት ቀላሉ ይህ ነው። ስፔሻሊስቶቹ፣ ላይብረሪው፣ የጠዋት ሞርኒንግ ሴሽኑ፣ የሬዚደንቶች ማደሪያው አስቀድሞ አለ። ሬዚደንቱ ከክፍል ክፍል እየዞረ በየክፍሉ 2 ወይም 3 ወር ይቆያል፣ በዓመት 1 ወይም 2 ወር ወደ ወረዳ ይወጣል። በብዛት የማይታዩ ከባድ በሽታዎችን ያያል፤ ከልዩ ልዩ ስፔሻሊስቶች ጋር መተዋወቁም በኋላ ከወረዳ ሆኖ ስልክ ሲደውል ይጠቅመዋል።

ችግሩ የእጅ ሥራው ላይ ነው። በማህፀንና ጽንስ ክፍል የራሱ የክፍሉ ሬዚደንቶች አሉ፣ ኢንተርኖችም አሉ። ቀዶ ማዋለዱን በመጀመሪያ እጅ የሚሠራው የክፍሉ ሬዚደንት ነው፤ ለ3 ወር «እንግዳ» ሆኖ የመጣው የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንት ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን ሪትራክተር ይዞ ይቆማል። ሎግቡኩ (የሠራው ሥራ የሚመዘገብበት ደብተር) ላይ 60 ቀዶ ማዋለድ ሊመዘገብለት ይችላል፣ ከዚያ ውስጥ ግን ቢላ የያዘው በ5ቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሌላው ዲፓርትመንት ኃላፊ ስለሚጠላው አይደለም፤ እሱም በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ራሱ ሠልጣኞች ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ክትትል ነው። ከ2 ወር በኋላ ክፍሉን ስለሚለቅ የስኳር ታካሚውን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚያየው። ያዘዘው መድኃኒት ሠርቶ እንደሆነ፣ ታካሚው መድኃኒቱ ከመድኃኒት ቤት ሲያልቅ ምን እንዳደረገ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን አድሶ እንደሆነ አያውቅም። ሦስተኛው ደግሞ ሬዚደንቱ 3 ዓመት ሙሉ አርአያ አድርጎ የሚያያቸው ሐኪሞች በአንድ አካል ክፍል የተካኑ መሆናቸው ነው። ሲጨርስም በከተማ ሆስፒታል ወይም በግል ክሊኒክ መቅረት ይቀለዋል።

ይህ አማራጭ ሊታሰብ የሚችለው በክልሉ ውስጥ ሌሊት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ አንድም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በማይገኝበትና ፕሮግራሙን ማቆየት በማይቻልበት ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን የገጠሩ ቆይታ በየዓመቱ ከሚበጣጠስ በሦስተኛው ዓመት ተጠቃሎ ቢያንስ 6 ወር ይሁን። አንድ ወር ሆስፒታሉን ለመልመድ ብቻ ያልቃል።

አማራጭ 2፦ አንድ ዓመት በሪፈራል፣ ሁለት ዓመት በወረዳ

አሜሪካኖች «አንድ ሲደመር ሁለት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት ስፖኬን ከተማ ያለው ፕሮግራም ሬዚደንቶቹን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ወደ ትንሽ የገጠር ከተማ መላክ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። ለእኛ ሁኔታ ከሦስቱ የተሻለው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዝርዝር እንየው።

የመጀመሪያው ዓመት መሠረት የሚጣልበት ነው። ከ12ቱ ወር 3 ለውስጥ ደዌ፣ 3 ለሕፃናት (ጨቅላ ሕፃናት ክፍልና የከባድ ምግብ እጥረት ማገገሚያን ጨምሮ)፣ 3 ለማህፀንና ጽንስ፣ 2 ለቀዶ ሕክምናና ድንገተኛ፣ 1 ለሰመመንና አልትራሳውንድ ቢደለደል ጥሩ ነው። የመጨረሻዋን አንድ ወር ብዙዎች ይዘሏታል። ስፓይናል (በጀርባ የሚወጋ ሰመመን) ራሱ መስጠት፣ የአየር መተላለፊያ ማስከፈት፣ የእንግዴ ልጅ ያለበትን ቦታና ከማህፀን ውጭ እርግዝናን በአልትራሳውንድ መለየት የማይችል ሐኪም ግን ወረዳ ሲደርስ እጁ ታስሮ ይቀመጣል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይሆናል፤ በየ6 ወሩ ለ1 ወር ብቻ ወደ ሪፈራሉ ተመልሶ ለአእምሮ ሕክምና፣ ለአጥንት ስብራት፣ ለጨቅላ ሕፃናት፣ ለዓይንና ጆሮ ይዞራል። በሳምንት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ይወርዳል። ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ የረጅም ጊዜ ታካሚዎች በስሙ ይመዘገቡና ለሁለት ዓመት የሚከታተላቸው እሱ ይሆናል።

የሬዚደንቱን ቁጥር የሚወስነው የሆስፒታሉ ሥራ ብዛት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ስሌት ይሠራ። ሆስፒታሉ 100,000 ሰው ያገለግላል እንበል። በዓመት ከሕዝቡ 3 በመቶ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ወሊድ ይጠበቃል፣ ይህም 3,000 አካባቢ ነው። አብዛኛው በጤና ጣቢያና በቤት ስለሚሆን ሆስፒታሉ ጋ 1,000 ይደርሳል ብለን እንያዝ። ከዚህ 15 በመቶው በቀዶ ሕክምና ከሆነ በዓመት 150 ነው። በየዓመቱ 2 ሬዚደንት ቢገቡ በአንድ ጊዜ 4 ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዱ በዓመት 37 አካባቢ፣ በሁለት ዓመት 75 ይደርሰዋል። ግማሹን በረዳትነት ቢቆም እንኳ ከ35 በላይ በራሱ እጅ ይሠራል። በየዓመቱ 4 ከገቡ ግን በአንድ ጊዜ 8 ይሆኑና የእያንዳንዱ ድርሻ በዓመት 18 ብቻ ይሆናል፤ ግማሹ ረዳትነት ሲቀነስ በሁለት ዓመት 18 ነው። እኛ ከ30 በታች በራሱ እጅ የሠራን ሬዚደንት ብቻውን ወረዳ አንልክም። ተመሳሳይ ስሌት ለቫኪዩም (በመምጠጫ ማዋለድ)፣ ለኤምቪኤ (ማህፀንን በእጅ መምጠጫ ማጽዳት)፣ ለደረት ቱቦና ለስብራት ጄሶ ይሠራ። የሆስፒታሉን የኦፕሬሽን ክፍል መዝገብ ያለፉትን 12 ወራት ገልጦ መቁጠር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከሆስፒታሉ ጋር ከሚደረገው ማንኛውም ስብሰባ በፊት ይደረግ።

በስሌቱ ውስጥ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖችም መቆጠር አለባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚሠለጥኑት እነዚህ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች በብዙ ወረዳ ሆስፒታሎች ሌሊት ቢላ የሚይዙት ናቸው። ሬዚደንት ሲመጣ ሥራቸው የተነጠቀ ከመሰላቸው አያስተምሩትም። በአስተማሪነት ደብዳቤ ተጽፎላቸው፣ የማስተማሪያ አበል ተመድቦላቸው፣ ሎግቡክ የመፈረም ሥልጣን ከተሰጣቸው ግን ለሬዚደንቱ ከማንም በላይ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው።

ኔፓል ከእኛ ጋር በሚመሳሰል ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በትሪቡቫን ዩኒቨርሲቲ የ3 ዓመት የጠቅላላ ሕክምና ስፔሻሊቲ ታሠለጥናለች። ሐኪሞቹ ቀዶ ማዋለድና መሠረታዊ የአጥንት ሕክምና ይችላሉ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ ብቻውን የኦፕሬሽን ክፍል አይከፍትም። ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ፣ የሚያግዝ ነርስ፣ ደም፣ የሚሠራ መሣሪያና የሚታደርበት ቤት አብረው ካልመጡ የሠለጠነው እጅ ይዝጋል።

አማራጭ 3፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በማኅበረሰብ ውስጥ፣ ክፍሎቹ ሳይነጣጠሉ

በዚህኛው ሬዚደንቱ በየክፍሉ አይዞርም። ሰኞ ኦፕሬሽን ክፍል፣ ማክሰኞ የረጅም ጊዜ ታካሚዎች፣ ረቡዕ የእርግዝና ክትትልና አልትራሳውንድ፣ ሐሙስ ጤና ጣቢያ፣ ዓርብ ትምህርትና ጉዳይ ግምገማ እያለ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይነካል። በአውስትራሊያ የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 በሪቨርላንድ ገጠር በ8 የሕክምና ተማሪዎች ጀምሮት ነበር፤ ተማሪዎቹ በፈተና ከከተማ ጓደኞቻቸው አላነሱም። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሰሜን ኦንታሪዮ ሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ለ8 ወር በትናንሽ ከተሞች ያስቀምጣል።

ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በደምቢያ የ1953 (እ.ኤ.አ.) የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒተሪ ባለሙያዎችን አንድ ላይ በጤና ጣቢያ ያሠለጥን ነበር። ጅማም ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ መሥርቷል። እነዚህ ከተሞች ይህን አማራጭ ለመሞከር ከሌላው የተሻለ ልምድ አላቸው።

ጥንካሬው ክትትል ነው፤ በዚህ የሚወዳደረው የለም። እናቲቱን በእርግዝናዋ ያያት፣ ያዋለዳት፣ ሕፃኑን ያስከተበው፣ ባሏን ለደም ግፊት የሚያክመው አንድ ሬዚደንት ነው።

ድክመቱ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከላይ የጠቀስናቸው የውጭ ምሳሌዎች የተማሪዎች እንጂ የሬዚደንቶች አይደሉም፣ አጠገባቸውም ዓመታት የሠራ ሐኪም ነበር። የሕፃናት ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል ሥልጠናውን የጀመረ ሬዚደንት በከባድ ምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ ያለ ሾክ ምልክት ግሉኮስ በደም ሥር መክፈትን ከቀደመው ሰው አይቶ ይይዛል፣ ልጁ በፈሳሽ ብዛት ልቡ ሲደክም ምክንያቱን የሚነግረው አያገኝም። አንዴ የተለመደ ስህተት በሁለተኛው ዓመት አይለቅም። ስለዚህ ይህ አማራጭ የሚሠራው አራቱ ዋና ዋና ስፔሻሊቲዎች፣ ማለትም የውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምናና ማህፀንና ጽንስ፣ በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ሲገኙና ጤና ጣቢያዎቹ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ሲሆኑ ነው።

አጠገቡ የሚቆመው ማን ነው?

በሦስቱም አማራጮች ፕሮግራምን የሚያፈርሰው የአስተማሪ እጥረት ነው። አሜሪካ ውስጥ በቤተሰብ ሕክምና ክሊኒክ አንድ አስተማሪ በአንድ ጊዜ ከ4 በላይ ሬዚደንት እንዳይቆጣጠር ደንብ አለ፤ ለእኛም ጥሩ ጣሪያ ነው። በወረዳ ሆስፒታል ቢያንስ አንድ ቋሚ ስፔሻሊስት ይኑር። የቤተሰብ ሐኪም ካልተገኘ የማህፀንና ጽንስ ወይም የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ይሁን። በሳምንት አንዴ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ አስተማሪ መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ስብሰባ ሲደራረብ በወር አንዴ ይሆናል፤ እቅዱ በእሱ ላይ ብቻ አይመሥረት።

የርቀት እገዛ ይሠራል፣ ልክ ግን አለው። ኤክስሬይና ኢሲጂ በቴሌግራም ልኮ መማከር በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው፤ ስምና የካርድ ቁጥር ተሸፍኖ ይላክ፣ በተራ የሚመልስ ሐኪምም በስም ይመደብ። «ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ይመልሳል» ከተባለ ሌሊት ማንም አይመልስም። ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚደወልበት የስልክ ቁጥር በድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይሁንና ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም ወይም ለማይወጣ የሕፃን ትከሻ ስልክ አስተማሪ አይሆንም፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ከአጠገብ የሚዘረጋ እጅ ነው።

ሎግቡኩ «አደረገ/አላደረገ» ከሚል አራት ደረጃ ይኑረው፦ አየ፣ ረዳ፣ ሲኒየር አጠገቡ ቆሞ ሠራ፣ ብቻውን ሠራ። ፊርማው በየሳምንቱ ይሁን። በዓመት መጨረሻ በአንድ ቀን የሚፈረም ሎግቡክ ምንም አይነግርም።

ማንን እንቀበል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባደሰው መመሪያ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን መቀበልን በመጀመሪያ ረድፍ ያስቀምጣል። የጃፓኑ ጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከየክፍለ ግዛቱ 2 ወይም 3 ተማሪ እየተቀበለ የ6 ዓመቱን ክፍያ ያበድራል፤ ተመራቂው በመጣበት ክፍለ ግዛት 9 ዓመት ካገለገለ ብድሩ ይሰረዝለታል። ለእኛ የሚሆነው መንገድ የወረዳው ሆስፒታል ራሱ በሚሠራበት ጠቅላላ ሐኪም ስም ለክልሉ ጤና ቢሮ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። ሰውዬው የመግቢያ ፈተናውን እንደማንም ያልፋል፣ የሚመለሰው ግን ወደሚያውቀው ሆስፒታል ነው። የአካባቢውን ቋንቋ መቻሉም ይታይ፤ በአስተርጓሚ የአእምሮ ሕመም ታሪክ መቀበል አይቻልም።

ውል ብቻውን ሰው አያቆይም። ተመራቂው ሲመለስ በሆስፒታሉ መዋቅር ላይ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት መደብ ከሌለ በጠቅላላ ሐኪም ደመወዝ ይጠብቃል ወይም ወደ ጠቅላላ ሆስፒታል ይዛወራል። መደቡ ሬዚደንቱ ሥልጠና በገባበት ዓመት ይጠየቅ እንጂ ሲመረቅ አይደለም፤ የመዋቅር ጥያቄ ጊዜ ይወስዳል።

ታዲያ የቱ?

በክልሉ ከዩኒቨርሲቲው በ3 ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ሌሊትና ቀን ቀዶ ማዋለድ የሚሠራ፣ በዓመት ከ120 በላይ ቀዶ ማዋለድ ያለው፣ አንድ ቋሚ ስፔሻሊስት ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ካለ አማራጭ 2ን ይያዙ፣ በዓመት በ2 ሬዚደንት ይጀምሩ። በዞን ከተማ አራቱ ስፔሻሊቲዎች ያሉት ጠቅላላ ሆስፒታልና ቅርብ ጤና ጣቢያዎች ካሉ አማራጭ 3 ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ግን በዎርድ ይሁኑ። ሁለቱም ከሌሉ አማራጭ 1 ውስጥ ገብቶ የእጅ ሥራ የሌለው ስፔሻሊስት ከማውጣት ይልቅ፣ በዚያ ዓመት ገንዘቡን ሆስፒታሉን ለማብቃት ማዋልና ሬዚደንሲውን አንድ ዓመት ማቆየት ይሻላል። ይህን ለጤና ቢሮ ኃላፊ መናገር ቀላል አይደለም፣ ግን መነገር አለበት።

የስምምነት ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት ሆስፒታሉ ላይ በአካል ተገኝተው ይዩ። አንስቴቲስት ስንት ናቸው? አንድ ከሆነ ሌሊቱ ባዶ ነው፤ ሁለት ካልሆኑ አይፈረም። ጄኔሬተሩ በፊታችሁ ይነሳ፣ የነዳጁ በጀት በማን እንደሚያዝ ይጠየቅ። ደም ከየት ይመጣል፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል ወይ? የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩ ለሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ ይበቃል ወይ? ሬዚደንቷ ሴት ከሆነች ሌሊት ከማደሪያዋ ኦፕሬሽን ክፍል የምትደርስበት መንገድ መብራት አለው ወይ? የተረኝነት ክፍያውን የሚከፍለው ሆስፒታሉ ነው ወይስ ስፖንሰሩ ቢሮ? ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ በሦስተኛው ወር ሁለቱም «የእናንተ ነው» ይባባላሉ፣ ሬዚደንቱም መሃል ይቀራል።

ሰነዱ ውስጥ የመውጫ አንቀጽም ይኑር። አንስቴቲስቱ ወይም ቋሚው ስፔሻሊስት ለቆ በ4 ሳምንት ውስጥ ካልተተካ፣ ወይም በጸጥታ ምክንያት ሪፈራል መንገዱ ከተዘጋ፣ ሬዚደንቶቹ በስም ወደተጠቀሰ ሁለተኛ ሆስፒታል ይዛወራሉ፤ ሎግቡካቸውና በስማቸው የተመዘገቡ ታካሚዎች ዝርዝርም ለተረካቢው ሐኪም ተፈርሞ ይተላለፋል።